ወናፉን ያስጾምኩ ጊዜ

በእኛ ጊዜማ፣ ልጆቼ፣ ዓባይን የሚሻገር አርበኛ ነፍሱን የሚያምነው ለፍየል ቆዳ ነበር! ድልድዩን ጣሊያን ይዞታል፣ ታዲያ በምን ይሻገሩ? የተነፋ ስልቻ ታቅፈው ይዋኛሉ። ስልቻውን የምንፈትነው እኛ ነን፤ አባቴ ቀጥቃጭ ነበርና፣ ብረት በምናግልበት ወናፍ። የወናፉን አፍ ስልቻው አንገት ውስጥ እናስገባና፣ በጠፍር ጥፍር አድርገን እናስርና፣ ሠላሳ ጊዜ መንፋት ነው። ሠላሳውን የቻለ ይሻገሩበታል፣ ያልቻለ ጧ! ብሎ እዚያው ይቀራል።

የወናፉ ጠባቂ እኔ ነኝ። ጠፍሩን እቀይራለሁ፣ ከሸክላ አፉ አመድ እጠርጋለሁ፣ በየሳምንቱ ቆዳውን ቅቤ እቀባለሁ። ታዲያ ሁዳዴ ገባ። እኔ አጥባቂ ነኝ፣ ያኔም አጥባቂ! "በጾም ቅቤ በእጄ? ወግድ!" አልኩና ተውኩት። ወናፉንም አስጾምኩታ!

ሦስት ሳምንት አለፈ። አባቴ ይጁቤ ገበያ በሄደበት ቀን ታላቅ ወንድሜ የሻነህ ስልቻ ይዞ መጣ፤ ወደ ሸዋ ማዶ መልእክት ሊያደርስ ነው። "ቶሎ በይ ጥሩዬ!" ይለኛል። ነፋሁት፣ ሠላሳ ሞላሁ፣ ስልቻው ምንም አላለም። "ይሄማ ዓለት ነው!" ብሎ ስሞኝ፣ አስተንፍሶ ተሸክሞት ቁልቁል ወረደ።

አባቴ ተመልሶ የየሻነህን መሄድ ከእኔ ሰማና፣ ማረሻ ሊያግል ከሰል አቀጣጠለ። ይነፋል፣ ይነፋል፣ ብረቱ አይቀላም። ወናፉን ወደ ጆሮው አስጠጋና፣

"አንች ጥሩ! ቆዳው ተሰንጥቆ ትንፋሹ በጎን እየወጣ ነው! ቅቤውሳ?"

"ጾም ነው እኮ አባባ…"

"ታዲያ የልጄን ስልቻ በምን ነፋሽው?"

ኡኡ! ያኔ ገባኝ። ሠላሳ ስነፋ ግማሹ ሜዳ ላይ ቀርቷል እኮ! ስልቻው መች ተፈተነ? ሮጥኩ፣ ምን ሮጥኩ በረርኩ እንጂ! ነጠላዬ እሾህ ላይ ቀረ፣ ማን ዞሮ ያየዋል! "የሻነህ! ወንድምዓለም! አትግባ!" እያልኩ ስደርስ፣ ስልቻውን በአፉ ነፍቶ እስከ ጉልበቱ ውኃ ውስጥ ገብቷል።

"ምን ሆነሽ ነው? ሰው ልታሰሚብኝ ነው?"

"ውጣና ተቀመጥበት!"

"ምን?"

"ስልቻው ላይ ተቀመጥበት ነው የምልህ!"

ሊያሾፍብኝ እየሳቀ ወጣና ዘፍ አለበት፣ እና ጧ! ስፌቱ ተተረተረ፣ እሱም አሸዋው ላይ በጀርባው። ተነስቶ ውኃውን ያያል፣ እኔን ያያል፣ ሳቁ ድርግም አለ። "መሀል ላይ ቢሆንስ?" አለኝ። አንገቱ ላይ ተጠምጥሜ አለቀስኩ፣ ደግሞም ደበደብኩት።

ስንጥቁን አባቴ ጠገነ፣ ቅቤውን እኔ አሸሁት፣ በሁዳዴ፣ በዚሁ እጄ! ከዚያ አንዱን ስልቻ ብንነፋው ፈነዳ፣ እልል አልኩ! ሁለተኛው ሠላሳውን ቻለ፤ በእሱ ተሻገረ፣ ለፋሲካም በደኅና ተመለሰልን።

"የንስሐ አባትዎስ ምን አሉ?" አላችሁኝ?

እሳቸውማ "ሦስት መቶ ስገጂ" አሉኝ። "ቅቤውን ስለነካሁ ነው አባቴ?" ብላቸው፣ "አይደለም! ሦስት ሳምንት ሙሉ ስላልነካሽው ነው!" ሃ ሃ ሃ! ሰገድኩ ልጆቼ፣ ጉልበቴ እስኪላጥ ሰገድኩ!