የበሩ እጀታ ላይ የተሰቀለው አባት

— ሄሎ?… ሄሎ፣ አቤት… ይሰማል፣ ይሰማል። አንተ ነህ እንዴ? የማላውቀው ቁጥር ሆነብኝ እኮ… የረዳትህ ስልክ ነው? ያንተስ?… ባትሪ ጨርሶ ዘጋ። እሺ። የት ደረስክ?

— ሚዛን ጣቢያው ጋ። ከፊትህ ስንት መኪና አለ?… አሥራ አራት። በል ውረድና ጥላ ፈልገህ እግርህን ዘርጋ፤ ጋቢና ውስጥ አትቀቀል።

— ምሳ በላህ?… ምን?… ብስኩት ደግሞ ከመቼ ጀምሮ ነው ምሳ የሆነው?

— እኛማ ደህና ነን። ማለቴ፣ ደህና ነን እንበል። የፈተና ወረቀት እያረምኩ ነበር፤ በር ተንኳኳና ልከፍት ተነሳሁ። ስመለስ ሚጢጢ ወንበሬ ላይ ወጥታ፣ ቀዩን እስክሪብቶ ይዛ፣ አሥራ ሰባት ወረቀት አርማ ጨርሳለች… አዎ፣ የሁለት ዓመት ከስምንት ወር ልጅህ። እኔ አንዱን ወረቀት አሥር ደቂቃ እፈጅበታለሁ፤ እሷ ከላይ እስከ ታች ራይት፣ ራይት፣ ራይት። ያልደፈነ ተማሪ የለም። አንድም ጥያቄ ጭራሽ ያልነካ ልጅ አለ፣ እሱም ደፍኗል።

— ሳቅ አንተ። ሰኞ ውጤቱን የማስረክበው እኔ ነኝ።

— ቆይ አንዴ፣ ትልቋ ልጅህ ናት። ዳይሬክተር፣ በሩን እንዲህ አትበርግጂው፣ ነፋሱ ወረቀቴን ይበትነዋል… ገርበብ አድርጊው… ገርበብ አልኩ እንጂ ዝጊው መቼ አልኩ? እንደሱ። ጎበዝ።

— ትምህርት ቤት ከተዘጋ ጀምሮ እኮ ቤቱ ቤት አልሆነም። እሺ፣ ምን እያልከኝ ነበር?… አለቃህ። ደወለ?… እስከ ዘጠኝ ሰዓት መልስ ስጠኝ አለህ? የዛሬ ዘጠኝ ሰዓት?… ምነው ተቻኮለ? የስምሪቱ ሽማግሌ ጡረታ የሚወጡት በወሩ መጨረሻ አይደል እንዴ?… እህ። አንተ በቦታቸው ካልገባህ ሌላ ሰው ሊያስገባ።

— አንተስ ምን አልከው?… «ላስብበት»። ሦስት ሳምንት ሙሉ አሰብክበት እኮ… አይ፣ እኔ ምንም አላልኩም። ግቢ ውስጥ ቁጭ ብለህ መኪና ታሰማራለህ፣ ወይም መሪህን ይዘህ መንገድህን ትቀጥላለህ፤ ያንተ ጉዳይ ነው ብያለሁ፣ ዛሬም ያንኑ ነው የምለው… አላኮረፍኩም፣ ድምፄ ነው። ከጠዋት ጀምሮ «ተዉ፣ ተዉ» ስል ነው የዋልኩት።

— አውቃለሁ… እሱንም አውቃለሁ። አሥራ ሁለት ዓመት ስትነዳ ኖረህ፣ መስኮት ሥር ቁጭ ብሎ የሌላ ሰው መኪና ሲወጣ እያዩ መፈረም ከባድ ነው። ታዲያ እኔ ምን ልበል? ግባ ብልህ አንድ ቀን ሆድ ይብስህና «አንቺ ነሽ እዚህ ያጎርሽኝ» ትለኛለህ። አትግባ ብልህ… እሱንም አልልም… አልልም አልኩህ።

— በቃ እንተወው። እንዲያውም የሚያስቅህ ነገር ልንገርህ። ልጆችህ ዛሬ ምን እየተጫወቱ እንደሆነ ታውቃለህ?… ኳስማ ቁም ሳጥኑ ላይ ሰቅዬዋለሁ፣ ሁለት ብርጭቆ ከሄደ በኋላ… ዕቃ ዕቃ። እናት፣ አባት፣ ልጅ እየሆኑ።

— እናትማ ዳይሬክተሯ ናት፣ ሌላ ማን ይደፍራል? ሰባት ዓመቷ ነው፣ ቢቻላት እኔን ራሴን ታሰናብተኛለች። መነጽሬን አድርጋ፣ ነጠላ ጫማዬን እየጎተተች ቤቱን ትዞራለች። አቶ ለምን ደግሞ ልጅ ካልሆንኩ ብሎ ድርቅ አለ። አምስት ዓመት የሞላው ሰውዬ፣ በፎጣ ተጠቅልሎ እንደ አራስ ልጅ እንጓ እንጓ እያለ ተኝቷል። ሚጢጢ ድመት ናት… ራሷ ናት የመረጠችው። ከጠረጴዛ ሥር አልወጣም ብላለች፣ ለእርማቱ ብቻ ነው የወጣችው።

— አባትማ… ቆይ፣ እሱን እኮ ነው የምነግርህ። መጀመሪያ ዕጣ ተጣጣሉ። አቶ ለምን ላይ ወጣ። ሁለት ደቂቃ ሞከረውና ማልቀስ ጀመረ… ምን ያስለቅሰዋል ትላለህ፣ ሕጉ ነዋ። ዳይሬክተሯ ሕግ አውጥታለች። አባት የሆነ ሰው ውጭ፣ ኮሪደሩ ላይ ነው የሚቆመው። ቅዳሜ እስኪሆን አይገባም። ቅዳሜ መቼ እንደሆነ ደግሞ የምታውቀው እሷ ብቻ ናት።

— አዎ። ቆሞ ቆሞ ሲሰለቸው በቁልፍ ቀዳዳው «ቅዳሜ ሆነ?» ይላታል። «ገና ማክሰኞ ነው፣ ሂድ ንዳ» ትለዋለች። ምስኪን፣ ኮሪደሩን እስከ ደረጃው ድረስ «ድንንን» እያለ ነድቶ ይመለሳል። «አሁንስ?» ሲላት፣ «አሁንም ማክሰኞ ነው»።

— ገና አልጨረስኩም እኮ። ተራው የሷ ሲሆን እሷም አሻፈረኝ አለች። አባት የሚሆን ሰው ጠፋ። ታዲያ ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? ያንን አሮጌ ጃኬትህን አወጡ… ሰማያዊውን፣ ክርኑ የተበላውን… እሱን። አወጡና ውጭ፣ የበሩ እጀታ ላይ ሰቀሉት። አባት እሱ ነው… እውነቴን ነው። ቅድም በር ተንኳኳ ያልኩህ እኮ ከኛ በላይ ያሉት እትዬ ናቸው፤ «ልጄ፣ ልብስ ውጭ ረስታችኋል» ሊሉኝ። ጃኬቱን ሊያነሱልኝ እጃቸውን ሲዘረጉ፣ አቶ ለምን በእግሬ መሀል ሾልኮ «አይንኩት፣ አባዬ ነው» አላቸው። እትዬ እኔን አዩ፣ ጃኬቱን አዩ፣ «ይቅርታ» ብለውት ወረዱ።

— ደግሞ ስልክ ይደውላል። ጃኬቱ ነዋ… ዳይሬክተሯ ጫማ ታነሳና ጆሮዋ ላይ ትለጥፋለች፤ «ሄሎ? የት ደረስክ? በላህ? እኛ ደህና ነን። ቻው።» ቁርጥ እኔን። ከዚያ ጫማውን ለልጇ ትሰጠዋለች፣ «በል አባዬን ሰላም በለው»። እሱ «ሰላም፣ ምን ታመጣልኛለህ?» ይልና ይመልስላታል። ተራው ለድመቷ ሲደርስ ድመቷ «ሚያው»። ይዘጋል። ልጅ ይተኛል፣ እናት ትቆጣለች፣ ጨዋታው ይቀጥላል።

— …ሄሎ?

— ሄሎ፣ ትሰማኛለህ?… ሄሎ። ኔትወርኩ ሄደ መሰለኝ። ሄሎ?

— አለህ እንዴ? ዝም ስትል የተቋረጠ መስሎኝ… አልሳቅክም እኮ። እኔ እንድትስቅ ብዬ ነው የነገርኩህ።

— አይደለም… አይደለም፣ ስማኝ። የልጆች ጨዋታ ነው። ባለፈው ሳምንት ሐኪም ቤት ሲጫወቱ በሽተኛዋ እኔ ነበርኩ፤ ሁለት ጊዜ ሞቻለሁ ተብዬ አንሶላ አለበሱኝ። ምን አደረግኩ? ተነስቼ ምሳ ሠራሁ።

— ማንን?… ዳይሬክተሯን? ምን ልትላት ነው?… እንዳትቆጣት ብቻ። ዳይሬክተር፣ ነይ አባዬ ነው… የእውነቱ አባዬ። ጫማውን አስቀምጪው፣ በዚህኛው ነው የምታናግሪው… አልመጣም አለች። እናት ሥራ ይዛለች፣ ትላለች። አንተ ንገረኝ፣ እኔ አስተላልፋለሁ።

— እሺ። አባዬ «ጃኬቱ ለምን አይገባም?» ይላል… ሕግ ነው፣ ትላለች… ሕግ ይሻሻላል በያት? ሕግ ይሻሻላል ይላል አባዬ… ቆይ፣ እያሰበች ነው። መነጽሬን አወለቀች። ነገሩ ከሯል።

— እ…

— ምንም አላለችም… ምን ዋጋ አለው፣ ተወው… እሺ፣ እሺ። «ገብቶ ምን ያደርጋል?» ነው ያለችው።

— በክፋት አይደለም እኮ። ከልቧ ጠይቃ ነው። ልጅ ይተኛል፣ ድመት ከጠረጴዛ ሥር ትሆናለች፣ እናት የምትሠራውን ታውቀዋለች። አባት ቤት ውስጥ ምን እንደሚሠራ ግን አታውቅም። ምን ብላ ታጫውተው?

— አለሁ… አለሁ፣ አልዘጋሁም… ሰልፉ ተንቀሳቀሰ? ረዳትህ ያስጠጋው፣ አንተ አትሂድ።

— ምን ልበላት?… እሺ። ዳይሬክተር፣ አባዬ ገብቶ ዕቃ አጥባለሁ ይላል… ሰማህ? ሦስቱም ሳቁብህ። ድመቷ ራሷ ከጠረጴዛ ሥር ወጣች። ሌላ በል… የመታጠቢያ ቤቱን ቧንቧ ያጠብቃል። እሱ ይሻላል፣ ሌሊቱን በሙሉ ጠብ ጠብ ሲል ነው የሚያድረው። አቶ ለምን «ለምን?» ይላል… ስለሚያንጠባጥብ ነዋ፣ የኔ ጌታ… ሌላ?

— ጠዋት ጠዋት ትምህርት ቤት ያደርሳችኋል… «በመኪናው?» ይልሃል… በእግር ነው፣ እጃችሁን ይዞ… በየቀኑ ነው? በየቀኑ ይላል… ቆይ፣ እርስ በርስ እየተያዩ ነው።

— ሌላስ?… ምንም ሳይሠራ ቁጭ ይላል። ምን ማለት ነው?… እሺ፣ እንዳልከው ልንገራቸው። ሶፋው ላይ ቁጭ ይላል፣ እናንተ ትወጡበታላችሁ።

— ተነሱ። ሦስቱም ተነሱ… ወረቀቴን እንዳትረግጡ። ወረቀቴን… ሚጢጢ በሩን እየገፋችው ነው… ወደዚህ ነው የሚከፈተው፣ የኔ እናት፣ ሳቢው… ሳበችው። ገባ። ጃኬቱ ገባልህ።

— አቶ ለምን ነው የለበሰው። እጅጌው ወለል ይጠርጋል… ሶፋው ላይ ቁጭ አለ፣ ሚጢጢ ጭኑ ላይ ወጣችበት… ዳይሬክተሯ በተራ ነው ትላለች፣ «ከአንተ ቀጥሎ አባት እኔ ነኝ»። ቅድም የሚሆን ሰው ጠፍቶ፣ አሁን ሊቧቀሱበት ነው።

— ምን?… አልሰማሁህም፣ እነዚህ ናቸው… ቆይ ማድ ቤት ልግባ… እሺ፣ አሁን በል።

— አሁን? አሁኑኑ ለአለቃህ ልትደውልለት? ገና ሰባት ሰዓት ተኩል ነው እኮ… ስማ፣ ረጋ በል። በአንድ ጃኬት ምክንያት ሥራህን አትቀይር… ቀልዴን አይደለም። መሪ ሳትይዝ ሦስት ቀን ስትውል ምን እንደምትሆን አውቃለሁ። ባለፈው መኪናው ጋራዥ የገባ ጊዜ የተሰበረውን ሁሉ ጠግነህ ስትጨርስ፣ ያልተሰበረውን ወንበር ፈታህ። አሁንም አንድ እግሩ ያጥራል… ሹፌሩ ሁሉ ነው የሚጨቀጭቅህ፣ አንተ ሽማግሌውን እንደምትጨቀጭቃቸው… አዎ፣ በየቀኑ።

— እ… እኔ?

— እኔ ምን እንደምፈልግ?… አሁን ነው የምትጠይቀኝ? በሦስት ሳምንት ውስጥ አንድ ቀን እሱን ጠይቀኸኝ ታውቃለህ? «ይሻለኛል ወይ?» ነው ስትለኝ የከረምከው። ስለ አንተ ነበር ስትጠይቀኝ የነበረው።

— እሺ። እንድትገባ እፈልጋለሁ… አዎ… ከድሮም፣ ሽማግሌው ጡረታ ሊወጡ ነው ያልከኝ ዕለት… አልነገርኩህማ፣ ፈራሁ። በኔ የተነሳ ከፍቶህ ከማይህ ብትሄድ ይሻላል ብዬ ነው… ምን ላድርግ፣ ናፍቀኸኛል። ቅዳሜ ትመጣለህ፣ እሑድ ትተኛለህ፣ ሰኞ የለህም። ባል እንዳለኝ ትዝ የሚለኝ ልብስህን ሳጥብ ነው።

— አላለቀስኩም። ማድ ቤት ነኝ፣ ሽንኩርት… ሽንኩርትም የለም። እሺ፣ ትንሽ አልቅሻለሁ።

— በል ደውልለት። ልብህ ካለ ደውልለት… እኔም እወድሃለሁ፣ አሁን የሰው ካርድ አትጨርስ… ሌላ ምን ቀረ?

— ምን?… ቁልፍ? የምን ቁልፍ?… የቤቱ? የለህም?… ከመቼ ጀምሮ?

— እዚህ ቤት ከገባን እኮ አራት ዓመታችን ነው… አንድም ቀን? እኔ ደወል የምትደውለው ልጆቹ ሮጠው እንዲከፍቱልህ መስሎኝ… ለካ እንደ እንግዳ ነው የምትገባው። ለምን አትናገርም ነበር?… አፈርክ? ከሚስትህ ቁልፍ ለመጠየቅ አፈርክ?

— አለሁ። የኔን ቁልፍ እየፈለግኩ ነው።

— ቁልፍ የሚቀርጸው ሰውዬ እስከ አሥር ሰዓት ክፍት ነው፣ አሁን ልጆቹን ይዤ እወርዳለሁ። ዛሬውኑ አስቀርጽልሃለሁ… ወረቀቱ ይደርሳል፣ ተማሪው ሁሉ ደፍኖ የለ… እሺ። ቻው… አንተ ዝጋው፣ አለቃህን ታናግራለህ… እሺ፣ ዘጋሁ። ልጆች፣ ጫማ አድርጉ። የአባዬን ቁልፍ ልናሠራ ነው።