ጋሼ ያልተሰማቸው ሚስማር

አንበሳሜ ከተማ የሚኖሩት አጎቴ ጋሼ መኮንን ስኳር በሽታ አለባቸው። ባለፈው ባሕር ዳር እኔ ቤት መጥተው ጫማቸውን ሲያወልቁ፣ ሚስማር ሶሉን በስቶ እግራቸው ውስጥ ገብቷል፤ ቁስሉም መግል ይዟል።

«ጋሼ፣ አልተሰማዎትም?» አልሁ ደንግጬ።

«ምንም። ስኳሩ ጀግና አድርጎኛል» አሉ እየሳቁ።

ሐኪም ቤት ወሰድኋቸው። ሐኪሟ እግራቸውን አገላብጣ አየችና፣ «ጀግንነት አይደለም አባቴ፤ ስኳሩ ነርቭዎን ጎድቶት ነው። ቁስሉ ወደ ጣቶችዎ ስለተዛመተ ሁለቱ መቆረጥ አለባቸው» አለቻቸው። ያኔ ሳቁ ጠፋ። እኔም ውጭ ወጥቼ አለቀስሁ።

ጣቶቹ ተቆርጠው፣ ቁስሉም ድኖ አገራቸው ገቡ። ሐኪሟ በየቀኑ እግራቸውን ሰው እንዲያይላቸው አዝዛ ስለነበር፣ ደውዬ ጠየቅኋቸው።

«ባለቤቴ ታይልኛለች» አሉ። «አርባ ዓመት አብረን ስንኖር ፊቴን በቅጡ ያላየች ሴት፣ አሁን ውስጥ እግሬን በባትሪ ትመረምረዋለች።»