ያመመው ይተኛ፤ ቦታው ይጠበቅለታል

ወረርሽኙ ከተማውን ጭር ባሰኘበት ወራት የእኛ ዳቦ ፋብሪካ አልተዘጋም፤ ሰው ቤቱ ቢከተትም መብላቱ አይቀርምና። እኔ የፋብሪካው ጸሐፊ ነኝ። አንድ ማለዳ ወደ ሥራ ስሄድ የምድጃ ክፍሉን አለቃ አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ አገኘኋቸው። ሥራ ቀርተው ስለማያውቁ ሠራተኛው «ብረቱ» ይላቸዋል። ክንዳቸውን ይዛ የምትሟገታቸው የእህታቸው ልጅ ናት፤ ቀን እኛው ጋ ዳቦ ታሽጋለች፣ ማታ ትማራለች።

«እስቲ እርስዎ ይፍረዱን» አለችኝ። «ጋሼ በትኩሳት ሲንቀጠቀጡ አድረው ሥራ ልግባ ይላሉ!»

«ብርድ ነው» አሉ ብረቱ። ግንባራቸው ላይ ላብ ችፍ ብሏል። «ምድጃው ፊት ስቆም ይለቀኛል። ለትኩሳት የሚተኛ ሰው ሥራ የጠላ ነው።»

«ሊጥ አቡኪውንም እንዲሁ ነበር ያሉት።»

አቡኪው ሳሉን በፎጣ አፍኖ ሲሠራ ሰንብቶ ባለፈው ወር አርፏል። ከእሱ በኋላ ሁለት ሰዎች ታመው፣ አንዷ እስካሁን ደረጃ መውጣት ያቅታታል።

«እሱ ጀግና ነበር» አሉ ብረቱ። «ሥራው ላይ ሞተ።»

«ጀግንነት አልነበረም ጋሼ፣ ፍርሃት ነበር። ‹ብቀር ቦታዬ ላይ ሌላ ሰው አገኛለሁ› ይለኝ ነበር። አሁን ሁላችንም እንደሱ ሆነናል። ሳል ሲመጣብን እንውጠዋለን፤ ያስነጠሰውን እንደ ሌባ እናየዋለን። ያ ሁሉ ሳቅና ጨዋታ የት ገባ?»

«እና ሁሉም ይተኛ? ጉሮሯችንን ልትዘጊው ነው?»

«ያመመው ብቻ ይተኛ! አንድ ሰው ቢቀር ጓደኞቹ ተጋግዘው ይሸፍኑለታል። ሁላችንም ከወደቅን ግን ምድጃውን ማን ያነደዋል? ‹በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም› ብለው ያሳደጉኝ እርስዎ አይደሉም?»

አውቶቡሱ መጥቶ በሩን ከፈተ። ብረቱ አንድ እግራቸውን አነሡና መልሰው አሳረፉት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ ልጅቱ እንዳትሰማ ያህል ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ቦታዬስ?» አሉኝ።

ለካ ብረቱም ፈርተው ኖሯል! ልማድ ብለን የምንከራከርለት ነገር ስንት ጊዜ ፍርሃት ሆኖ ይገኛል።

«ሥራ አስኪያጁን ዛሬውኑ አነጋግራለሁ» አልኳቸው። አውቶቡሱ ጥሏቸው ሄደ፤ ልጅቱም ደግፋ ወደ ቤት መለሰቻቸው።

ሥራ አስኪያጁ የብረቱን ቦታ ሊጠብቅ በብዙ ጭቅጭቅ እሺ አለ። ብረቱ ከሳምንታት በኋላ ከስተው፣ ትንፋሽ እያጠራቸው ተመለሱና ሠራተኛውን በር ላይ ሰበሰቡ።

«አቡኪውን ‹ምድጃ ፊት ያልብህና ይለቅሃል› ያልኩት እኔ ነኝ» አሉ። «ሚስቱን ቀና ብዬ ማየት አልችልም። ከእንግዲህ ያመመው ይንገረኝ፤ ቦታውን እኔ እጠብቅለታለሁ።»

ማንም አላጨበጨበም፤ ማንም ማንንም አላየም። ጽዳት ሠራተኛዋ ከኋላ፣ «እኔን ከትናንት ጀምሮ ትኩሳት ያቃጥለኛል» ብላ አለቀሰች።

«ሂጂ እቱ፣ ተኚ» አላት ዱቄት ተሸካሚው። «ያንቺን እኔ እጠርገዋለሁ።»

እነሆ፣ ከዚያ ወዲህ ያመመው በጊዜ ስለሚተኛ ጤነኛው ተረፈ፣ ምድጃውም አንድ ቀን አልጠፋም። አቡኪው ግን አይመለስም። እናንተም ሰው የምታሠሩ ሁሉ፣ ሠራተኛችሁ «አሞኛል» ለማለት የሚፈራችሁ ከሆነ፣ በሽታው ከመግባቱ በፊት በሩን የከፈታችሁለት እናንተ ናችሁ።