የባባ ኦጉንቶላ ብሎኬትና የሲሚንቶ ጥም

ወደ አቤኦኩታ ከተማ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለች አንዲት መንደር፣ ፎላሻዴ የምትባል ወጣት ከሥራ ስትመለስ የተሳፈረችበት ታክሲ ጎማው ፈነዳና ከአጎቷ ከባባ ኦጉንቶላ ብሎኬት ማምረቻ ፊት ለፊት ቆመ። ፎላሻዴ በሲሚንቶ ፋብሪካ ቤተ ሙከራ የምትሠራ፣ የተማረች ልጅ ናት። ባባ ደግሞ የመንደሩን ግማሽ ግድግዳ ያቆሙ፣ በሙያቸው የሚመጣባቸውን ሰው የማይታገሡ ሽማግሌ ናቸው።

ሾፌሩ ጎማ እስኪቀይር ሰላም ልበላቸው ብላ ብትገባ፣ ባባ ከአንዲት ሴት ጋር ሲጯጯሁ አገኘቻቸው። ሴትዮዋ የሲሊፋ እናት ነች። ባሏ ሞቶባት፣ ዓሣ አጭሳ እየሸጠች፣ ከባባ በገዛችው ብሎኬት ለልጆቿ መኝታ ቤት በማሠራት ላይ ነበረች። እጇ ላይ የብሎኬት ስባሪ ይዛለች።

«ይኸው! በጥፍሬ ብፍቀው አቧራ ሆነ። ልጆቼን ከዚህ ሥር ነው የማስተኛው?»

«ሲሚንቶው ነዋ! የዛሬ ሲሚንቶ አመድ ነው» አሉ ባባ። ፎላሻዴ ተንበርክካ ሰላም ስትላቸው ምርቃቱን እንኳ ሳይጨርሱ፣ «እንኳን መጣሽ! ይቺው፣ አመዱን የምታመርተው እሷ ናት፤ እሷን ጠይቂ» ብለው ጣታቸውን ቀሰሩባት።

ፎላሻዴ ግቢውን ቃኘች። ብሎኬቱ ሁሉ ጠራራ ፀሐይ ላይ ተደርድሯል። ከሰሜን የሚነሣው የበጋ ደረቅ ነፋስ ከንፈር እየሰነጠቀ ነው።

«ባባ፣ ውሃ አያጠጡትም እንዴ?»

«ብሎኬት ፍየል ነው የማጠጣው?»

«ካልጠጣ እኮ አይጠጥርም።»

«ስሚ ልጄ። አባቴ የጭቃ ቤት ሠሪ ነበር። ጭቃ ከደረቀ ይጠነክራል፣ ከራሰ ይፈርሳል። ይህንን ለማወቅ ትምህርት ቤት አልሄድንም።»

ፎላሻዴ በረጅሙ ተነፈሰች። ይህንን ክርክር በየግንባታው ቦታ ስትሰማው ኖራለች፤ ከገዛ አጎቷ አፍ ስትሰማው ግን ቆሽቷ አረረ።

«ሲሚንቶ ጭቃ አይደለም፣ ባባ። እንዴት እንደሚሠራ ልንገርዎትና ከዚያ ይፍረዱ።»

«ንገሪኛ! ታክሲሽ እንደሆነ አልተነሣም።»

«የኖራ ድንጋይ ከተራራው ተፈንቅሎ ይደቅቃል። ከሸክላ አፈር ጋር ተመጥኖ እንደ ዱቄት ይፈጫል። ከዚያ ዘንበል ብሎ በሚሽከረከር፣ ሰው ቆሞ በሚሄድበት ሰፊ የብረት ቱቦ ውስጥ ይገባል። ከታች በኩል እሳት ይነድዳል፤ ብረት ለማቅለጥ ጥቂት የሚቀረው እሳት ነው። ዱቄቱ እየተንከባለለ ሲወርድ ጠባዩ ይለወጥና ጠጠር ሆኖ ይወጣል። ጠጠሩ ይቀዘቅዝና ትንሽ ጀሶ ተጨምሮበት እንደገና ይፈጫል። ሲሚንቶ ማለት ይኸው ነው።»

«ጀሶው ምን ይሠራል?» አለች የሲሊፋ እናት።

«ሲቦካ ወዲያው እንዳይጠጥር ያዘገየዋል። ያለ እሱ ግንበኛው አካፋውን ሳያነሣ ድንጋይ ይሆንበት ነበር።»

ባባ እጃቸውን አጨበጨቡ። «አለቀልሽ! ራስሽ ተናገርሽው። እሳት ከሠራው፣ ፀሐይ መጨረስ አለባታ!»

የሲሊፋ እናት በሐሳቡ ተስማምታ ራሷን ነቀነቀች። ሙግቱ ለጆሮ ያምራልና ተሟጋቹን መርታት እጅግ ያደክማል።

«እሳቱ ሥራውን ፋብሪካ ውስጥ ጨርሷል!» አለች ፎላሻዴ፣ ድምጿ ከፍ ብሎ። ወዲያው አፍራ ዝቅ አደረገችው። «ይቅርታ፣ ባባ። ከዚያ በኋላ የሚፈልገው ውሃ ነው። ከውሃው ጋር ሲዋሐድ ነው አሸዋውን የሚያያይዘው፤ ውሕደቱም ቀናት ይፈጅበታል። እርስዎ ግን ገና መጠጣት ሲጀምር ፀሐይና ነፋስ ላይ አውጥተው ውሃውን ይቀሙታል። ደረቀ ማለት ጠጠረ ማለት አይደለም። ውሃ ውስጥ ቢነክሩትም ይጠጥራል።»

«ውሃ ውስጥ! ወይ የወንድሜ ልጅ፣ ያን ሁሉ ዓመት ያስተማሩሽ ይህንን ነው?»

ትዕግሥቷ አለቀ። «እንግዲያው ይሞክሩት! ዛሬ ካቦኩት ሁለት ብሎኬት ይለዩ። ነገ ጠዋት ጠንከር ሲሉ አንዱን በርሜል ውስጥ ይንከሩት፣ ሌላውን እንደ ልማድዎ ፀሐይ ላይ ይተዉት። በሳምንቱ እመጣለሁ።»

«ሾርባ ሆኖ ብታገኚውስ?»

«እጠጣዋለሁ!»

በሳምንቱ ስትመጣ ባባ በሩ ላይ ተቀምጠው ነበር። ሳይጠብቋት ሞክረውታል። ፀሐይ ላይ የዋለው ብሎኬት በመዶሻ አንዴ ቢመታ ተንኮታኩቶ እግራቸው ሥር ወድቋል። ከበርሜል የወጣው ግን ጠርዙ ብቻ ተሸርፎ ቁጭ ብሏል።

«ደጋግሜ መታሁት» አሉ ቀና ሳይሉ። ፎላሻዴ ስንት ነገር ልትናገር አስባ መጥታ ነበር፤ ፊታቸውን ስታይ ሁሉንም ዋጠችው።

ባባ መዶሻቸውን አንሥተው ወደ ሲሊፋ እናት ቤት ሄዱ። ሴትዮዋ ከዓሣው ጭስ ውስጥ ብቅ ብትል፣ እስከ መስኮቱ የደረሰውን የልጆቿን ግድግዳ ሲያፈርሱት አየች።

«ባባ! አብደዋል?»

«ሲሚንቶው አመድ አልነበረም። አመድ ያደረግሁት እኔ ነኝ። ሌላ እሠራልሻለሁ፤ አንቺ ምንም አታወጪም።»

ሴትዮዋ ጎንበስ ብላ ፍርስራሹን ከእሳቸው ጋር ማንሣት ጀመረች።

ከዚያ ወዲህ በባባ ግቢ ብሎኬቱ ጥላ ሥር ተቀምጦ፣ በእርጥብ ጆንያ ተሸፍኖ፣ ጠዋትና ማታ ውሃ ይጠጣል። የሲሚንቶው ከረጢትም የመሬት እርጥበት ቀድሞ እንዳያደነድነው ጣውላ ላይ ይቀመጣል። ከዚያው አንድ ከረጢት የሚወጣው ብሎኬት የማይፈረፈር ሆነ፤ የሲሊፋ እናት ልጆችም ያለ ስጋት ተኙ። ለዚህ ሁሉ የተጨመረው ጥቂት ውሃና ጥቂት ትዕግሥት ብቻ ነበር።

አንድ ቀን ፎላሻዴ በዚያ ስታልፍ ባባ የውሃ ባልዲ ይዘው ከመንገድ ማዶ ጮኹባት።

«አንቺ የተማርሽ! ብሎኬት ብቻ ሳይሆን የተለሰነ ግድግዳም ውሃ ይጠጣል ለምን አላልሽኝም? ከሰው ሰማሁት!»

«ነግሬዎት ነበር እኮ፣ ባባ! ሁለት ጊዜ!»

«ጮክ ብለሽ አልነገርሽኝማ!»

ፎላሻዴ ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጫነች፤ ከዚያ ሳቋ አመለጣትና መንገዱን ተሻግራ ባልዲውን ተቀበለቻቸው።