የተለጠፈው ወተት

ትዕግሥት ሲታደል እኔ ተኝቼ ነበር መሰል፣ ሁልጊዜ ቁጣ ይቀድመኛል። ያን ዕለት ጠዋት ግን ቁጣም አልመጣልኝም፤ ደርቄ ነው የቀረሁት። የምመራው መዋዕለ ሕፃናት ከመንገዱ ጫፍ፣ ከተማው ሊያልቅ ሲል ነው። ወደዚያው በእግሬ እያዘገምኩ ሳለ አንድ ወተት የጫነ መኪና ማዞሪያው ላይ እየበረረ ታጠፈና አንድ የእንጨት ሳጥን እግሬ ሥር ጥሎ ቆመ። ሳጥኑ ተበታተነ። ከላስቲክ ወተቶቹ ግማሹ ፈንድቶ አስፋልቱ ነጭ ሆነ፤ የተረፈው እየተንሸራተተ የቦዩ አፋፍ ደረሰ።

«ተጎዱ እንዴ፣ እትዬ?» እያለ ሹፌሩ ወረደ። ደግ ፊት ያለው ሰው ነው።

«እኔስ ደህና ነኝ። ወተቱ ነው እንጂ የተጎዳው።»

«እሱ ምንም አይል» አለና የተረፉትን ላስቲኮች እየለቀመ በእጅጌው ይጠርጋቸው ጀመር። አንዱን ሚስማር ወግቶት ኖሮ ወተቱ እንደ ክር ቀጥኖ ይወርዳል። ሹፌሩ ከኪሱ ፕላስተር አወጣ፣ በጥርሱ ቆረጠና ቀዳዳው ላይ ለጠፈው። በአውራ ጣቱ ዳበስ ዳበስ አድርጎ ከደህናዎቹ ጋር ቀላቀለው። እጁ ሥራውን ከመልመዱ የተነሳ ዓይኑን እንኳ አልፈለገም።

«ምን እያደረግህ ነው?» አልኩት፤ ድምፄ የራሴ አልመስልህ አለኝ።

«መለጠፍ ነዋ። ሚስማሩ በየቀኑ ይወጋል። የወጋውን ሁሉ ብንደፋ ምን ልንሸጥ ነው?»

«ይሄንን ታዲያ ማን ይጠጣዋል?»

«ራቅ ወዳለው እንወስደዋለን። የቅርብ ደንበኛ እኮ ያያል፣ ይመልሳል። የጫፉ ግን ምን ብሎ እዚህ ድረስ ይመጣል? እዚያ ጫፍ ላይ መዋዕለ ሕፃናት አለ አይደል፣ እነሱ እንኳ አንድም ቀን አማርረው አያውቁም።»

ክው አልኩ። እኔ ወተቱን የማውቀው ኩባያ ውስጥ ገብቶ፣ በትንንሽ እጆች ተይዞ ነው። «የዚያ መዋዕለ ሕፃናት ኃላፊ እኔ ነኝ» ስለው ፕላስተሩ ከእጁ ወደቀ። ወደ አለቃው እንዲወስደኝ ነገርኩት፤ የመኪናውን በር ከፈተልኝ።

የወተት ማከፋፈያው ግቢ ሲሚንቶ ነው። በአንድ ወገን የቀዝቃዛው ክፍል ወፍራም በር፣ በሌላው ወገን እስከ ጣሪያው የተደረደረ የእንጨት ሳጥን አለ። ገና ከመግቢያው የኮመጠጠ ሽታ ይቀበላል። ባለቤቱን ሠራተኞቹ ሁሉ አባ ሳንቃ ነው የሚሏቸው። ድሮ አናጢ ነበሩ፤ ሀብት ካፈሩም በኋላ የወተት ሳጥን የሚሠሩት በገዛ እጃቸው ነው፤ መዶሻቸውን ለማንም አይሰጡም። እርሳሳቸው ከጆሯቸው ላይ አይጠፋም። አጠገባቸው የወንድማቸው ልጅ ቆማለች። የዕቃ ንድፍ ተምራ የመጣች ወጣት ናት፤ በግቢው ስሟ ኢንጂነሯ ነው። በመካከላቸው ጠረጴዛው ላይ አንድ ሰማያዊ የፕላስቲክ ሳጥን ተቀምጧል። ስደርስ በሱ ላይ ክርክር ይዘው ነበር።

አባ ሳንቃ ወንበር አስመጥተው አስቀመጡኝና ያየሁትን ሁሉ አንገታቸውን ዝቅ አድርገው ሰሙኝ። ስጨርስ፣ «እመቤቴ፣ ስላስደነገጥንዎት ይቅርታ ያድርጉልን። ሳጥኑን ዛሬውኑ እጠግነዋለሁ» አሉኝ።

«ሳጥኑን!» አልኩ። «እኔ የመጣሁት ስለ ወተቱ ነው እንጂ ስለ ሳጥኑ መቼ ሆነ?»

«ጋሼ፣ ሁለቱ አንድ ናቸው ስልዎት አልነበር?» አለች ኢንጂነሯ።

«አንቺ ደግሞ ቀዳዳ አገኘሽ! እመቤቴ፣ እስቲ እርስዎ ይፍረዱኝ። ይቺን ልጅ አሳድጌ፣ አስተምሬ ለወግ ለማዕረግ ባበቃት፣ ተመልሳ መጥታ ሳንቃህን ጣል ትለኛለች። በፕላስቲክ ልትለውጠኝ! እንጨት እኮ ይተነፍሳል። ፕላስቲክ ያፍናል፤ የታፈነ ወተት ደግሞ ይበላሻል።»

«ለዚህ ብዬ እኮ ነው በየጎኑ ቀዳዳ የሰጠሁት። የቀዝቃዛው ክፍል አየር በአንዱ ገብቶ በሌላው ይወጣል። የርስዎ ሳንቃ ግን ግጥም ተደርጎ የተመታ ነው። ዳር ያለው ላስቲክ ቢቀዘቅዝም መሀል ያለው ለብ እንዳለ መኪና ላይ ይወጣል።»

«ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም አሉ!» ብለው ሳቁና ወደ ግድግዳው አመለከቱኝ። አንድ የተሰነጠቀ የፕላስቲክ ሳጥን በሚስማር ተሰቅሏል። «የመጀመሪያ ሥራዋ ነው። ከመኪና ላይ አንዴ ብለቀው ለሁለት ተሰነጠቀ። ለመታሰቢያ ሰቀልኩላት።»

ኢንጂነሯ ፊቷ ቀላ፤ ድምፅዋ ግን አልተለወጠም። «ተሰንጥቋል፣ እውነት ነው። የት ጋ እንደተሰነጠቀ ግን ልብ አላሉልኝም። ጥጉ ላይ ነው። ጥጉን እንደ እንጨት ሥራ ሹል አድርጌው ስለነበር ሲወድቅ ምቱን ሁሉ ብቻውን ተቀበለው። አሁን ጥጉን አክብቤዋለሁ፤ ሥሩንና ጎኑንም እንደ ጎድን አጥንት ከፍ ከፍ ባለ መስመር አጠንክሬዋለሁ። ይኸው ጋሼ፣ ይጣሉት።»

ሽማግሌው ሁለተኛ ልመና አልፈለጉም። ለዕድሜያቸው በማይመጥን ፍጥነት መኪናው ላይ ወጥተው ሳጥኑን ከራሳቸው በላይ አንስተው ወረወሩት። ሳጥኑ በጥጉ ሲሚንቶውን መታ፣ ነጠረና ወደ ሹፌሩ ገሰገሰ። ሹፌሩ ዘሎ አመለጠ። ሳጥኑ ተንከባሎ ተንከባሎ በሥሩ ቁጭ አለ። ግቢው በሳቅ ሞላ። አባ ሳንቃ ወርደው ጥጎቹን አንድ በአንድ በጣታቸው ዳሰሱ።

«ዕድል ነው» አሉና ደግመው ጣሉት። ዕድሉ አላለቀም።

«እሺ፣ አይሰበርም እንበል። ባለ ሱቁስ? መቀመጫ ያደርገዋል፤ ሚስቱ ልብስ ትዘፈዝፍበታለች። የኔን ሳንቃ ማን ይሰርቀዋል?»

«ባዶውን ያልመለሰ ሙሉ አይወስድማ። ከሁለት ቀን በላይ ሊያስቀረው የሚደፍር ባለ ሱቅ የለም።»

«ድንገት ቢሰበርስ? የኔን በሚስማር እጠግነዋለሁ።»

«ይሄ ተፈጭቶ፣ ቀልጦ ተመልሶ ሳጥን ይሆናል። ጋሼ፣ እኔ ከሳንቃው ጋር ጠብ የለኝም። ጠቤ ከሚስማሩና ከዕድፉ ጋር ነው።»

እዚህ ላይ እኔ ጣልቃ ገባሁ። «ለመሆኑ እነዚህን ሳጥኖች የምታጥቧቸው በምንድን ነው?»

አባ ሳንቃ እንደ ነውረኛ አዩኝ። «ማጠብ? የወተት ሳጥን አይታጠብም እኮ፣ እመቤቴ! ሳንቃ ውሃ ከጠጣ ያብጣል፣ ይበሰብሳል። በደረቅ ጨርቅ ወልወል ማድረግ ነው። ወተት የለመደ ሳጥን ወተት አያበላሽም። ዕድሜዬን ሙሉ የሠራሁት እንዲህ ነው።»

«ከተሠሩ ጀምሮ ውሃ ነክቷቸው አያውቅም?»

«ጠብታ እንኳ!» አሉ በኩራት።

ኢንጂነሯ አልተከራከረችም። ገብታ የፈላ ውሃ በማንቆርቆሪያ አመጣች፣ ከድርድሩ አንድ ሳጥን ሳበችና ጥጉ ላይ አፈሰሰችበት። ከሥሩ የወጣው ውሃ ጥቁር ቡናማ ነው። ሽታው አፍንጫዬን ሲመታኝ ወንበሬን ጥዬ ተነሳሁ። ቀጥሎ ከሳንቃና ሳንቃ መጋጠሚያ፣ ሙቀቱ ሲደርስባቸው፣ ነጫጭ ትሎች እየተግተለተሉ ወጡ። አፌን ይዤ ቀረሁ። ሹፌሩ «ውይ!» ብሎ እጁን ሱሪው ላይ ይጠርግ ጀመር። አባ ሳንቃ ጎንበስ ብለው አዩ፤ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና ደግመው አዩ።

«ይሄ… ይሄ እኮ ከውጭ ነው» አሉ በመጨረሻ። «ወተቱ ያለው ላስቲክ ውስጥ ነው። ትል ላስቲክ አልፎ አይገባም።»

እውነት ለመናገር መልሱ የሞኝ መልስ አልነበረም። ኢንጂነሯ ግን ጣቷን ወደዚያው መጋጠሚያ አስጠጋች። «ሚስማሩ ብቅ ያለው ከየት እንደሆነ ይዩ። ትሉ ከወጣበት ስንጥቅ ነው። ላስቲኩን የሚወጋው ይሄ ነው። በወጋው ቀዳዳ ወተት ይወጣል እንጂ ምንም አይገባም ብለው ነው? እኛ ደግሞ የገባውን በፕላስተር ዘግተንበት እንልከዋለን።»

«ስንት ዘመን ሰው ሲጠጣው ኖሯል!»

«እርስዎስ ጠጥተውታል?» አልኳቸው።

«ምኑን?»

«የተለጠፈውን።»

«የተለጠፈ እኔ ቤት አይገባም» አሉ ቶሎ ብለው። ተናግረው ሳያበቁ የተናገሩትን ሰሙት። እኔ በሕይወቴ ብዙ ነውር ሰምቻለሁ፤ እንደዚህ ያለ ቅን ነውር ግን ሰምቼ አላውቅም።

«ለምን አይገባም?»

«እንዲያው… ሚስቴ ትጸየፋለች።»

«የኔ ልጆች የሚጸየፍላቸው ስለሌላቸው ነው?» ጮህኩ፤ ቁጣዬ አሁን ገና ደረሰልኝ።

አባ ሳንቃ ከሳጥኖቻቸው አንዱን ደባበሱ። «እመቤቴ፣ ክፉ ሰው አይደለሁም። ይሄንን ስሠራ እንደ ቤት ነው የምሠራው። የልጅ ልጄንም፣ አያትሽ ለወተት ቤት ይሠራል እላታለሁ።»

ይህችን ቃል ሰምቻታለሁ። ሕፃናቱን ቤተሰቦቻቸው ምን እንደሚሠሩ ስንጠይቃቸው አንዲት ልጅ ብድግ ብላ ያለችው ይሄንኑ ነበር፤ ክፍሉ ሲስቅባት እሷም አብራ ስቃለች።

«የልጅ ልጅዎ የፊት ጥርሶቿ ወልቀዋል? ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች?»

«እንዴት አወቋት?» ፊታቸው በራ። «ልጄ ቤት ከቀየረች ወዲህ እኔም እንደ ልቤ አላያትም። የት እንደምትማርም አላውቅ። አሁንማ ሆዷን አሟት ተኝታለች፤ ብርድ መትቷት ነው ይላሉ።»

«እኔ ጋ ነው የምትማረው» አልኩ። «ወንበሯ ባዶ ከሆነ ሰንብቷል።»

ዳሩ ሲነካ መሀሉ ዳር ይሆናል ይባላል። ተረቱ አፌ ላይ መጥቶ ነበር፤ ፊታቸውን ሳይ ዋጥኩት። «ሐኪም አይደለሁም። ያመማት ይሄ ወተት ነው ብዬ አልምልም። የተለጠፈውን ግን እሷም በየጠዋቱ ትጠጣው ነበር።»

አባ ሳንቃ ካጠገባቸው ሳጥን ላይ ቁጭ አሉ። ወዲያው ደግሞ የምን ሳጥን እንደሆነ ትዝ ሲላቸው እሳት እንደነካው ሰው ብድግ አሉና መሬት ላይ ተቀመጡ። ፊታቸው አመድ መስሏል። ማንም ሊያነሳቸው አልደፈረም።

«ሹፌር» አሉ ቆይተው፣ «የጫንከውን ሁሉ አውርድ። የተለጠፈው ይደፋ። ፕላስተሩንም ወዲህ በለው።» ተቀብለው ኪሳቸው ከተቱትና ወደ ወንድማቸው ልጅ ዞሩ። «ልጄ፣ እስቲ ከመጀመሪያው ንገሪኝ። ምንም እንደማያውቅ ሰው ንገሪኝ።»

አጠገባቸው መሬት ላይ ተቀመጠችና ሳጥኑን ጭናቸው ላይ አኖረችላቸው። ውስጡ ልስልስ ስለሆነ ላስቲክ የሚወጋ ነገር እንደሌለው እጃቸውን ይዛ አስዳሰሰቻቸው። ጥጉ ክብ ስለሆነ ቆሻሻ መደበቂያ አያገኝም፤ በፈላ ውሃና በሳሙና በየቀኑ ቢታጠብ አያብጥም። ድንገት የፈሰሰ ወተት ከሥሩ ባለው ቀዳዳ ይወርዳል እንጂ አይጠራቀምም። «ሲደረደርስ?» አሉ፤ ያን ዕለት የመጀመሪያው እውነተኛ ጥያቄያቸው ነበር። የላይኛው በታችኛው ግድግዳ ላይ ያርፋል፣ ክብደቱ ወተቱን አይነካውም አለቻቸው። ባዶውን ደግሞ አዙረው ቢከቱት አንዱ ካንዱ ውስጥ ይገባል፤ መኪናው ሲመለስ ቦታ አይሻማም።

አባ ሳንቃ ሳጥኑን አገላበጡ፤ እጃቸውን በመያዣው አስገብተው መዘኑት። «መያዣው ጠርዙ ይቆርጣል። ቀኑን ሙሉ የሚያነሳው ሰው ጣቱ ያልቃል። አክብቢው።»

ኢንጂነሯ እርሳሱን ከአጎቷ ጆሮ ላይ ወሰደችና መያዣው ላይ ምልክት አደረገች። «ፕላስቲኩን አቅልጦ ቅርጹን ለሚያወጣው ሰው ምን ልበለው?»

«እሺ ብሏል በይው። እንዲያውም ለምን ዘገየህ ብሎሃል በይው።»

እንጨትን ለመንቀፍ አይደለም ይህን የጻፍኩት፤ የተቀመጥኩበት ወንበር እንጨት ነው፣ አልከዳኝም። አባ ሳንቃም መዶሻቸውን አልጣሉም፤ አሁን የወንበርና የመደርደሪያ አናጢ ናቸው። የደነገጥኩት «ራቅ ያለ ደንበኛ» በሚባለው ነገር ነው። ወደ ቤታችን የማናስገባውን ለሩቅ ሰው ስንልክ ሩቁ ሰው የማን ልጅ እንደሆነ አናውቅም። እንወቅም አንወቅም ግን ልጅ ነው።

ግቢው ዛሬ አይኮመጥጥም። ሰማያዊ ሳጥኖች ታጥበው ፀሐይ ላይ ተደፍተው ይውላሉ። ሚስማር የሚወጋው ላስቲክ ስለሌለ የሚደፋም ወተት የለም፤ እየቀዘቀዘ ስለሚደርስ ባለ ሱቆቹም ተበላሸ ብለው መመለሳቸውን ትተዋል። ሹፌሩ ማዞሪያው ላይ አሁንም ይበራል። እሱን የሚያርም ንድፍ እስካሁን አልተገኘም።

ልጅቷ በሐኪም ታክማ፣ ቀጠን ብላ ወደ ክፍሏ ተመለሰች። አዲሶቹ ሳጥኖች መጀመሪያ በመጡበት ጠዋት ከሹፌሩ ጎን አያቷ ተቀምጠው ነበር። ሲወርዱ ልጅቷ ሮጣ ጉልበታቸው ላይ ተጠመጠመች፤ ከዚያ ሳጥኑን አይታ በጣቷ ቀዳዳዎቹን መንካት ጀመረች።

«አባባ! ይሄኛው የወተት ቤት መስኮት አለው!»

«አዎ፣ የኔ እመቤት» አሉ ወደ እሷ ጎንበስ ብለው። «ውስጡ እንዲታይ ነው።»

ከዚያ አንድ ላስቲክ አወጡና በሁሉም ጎኑ እያገላበጡ አሳዩኝ። እኔም ተቀብዬ አገላበጥኩት። ደህና ነበር፤ ለልጅቷ በኩባያ ቀዳሁላት።