ከላይ ሁለተኛው እርከን

አናጺው አዲስ መሰላል በትከሻው ተሸክሞ ወደ ግንበኛው ቤት ሲገሰግስ፣ ከመንገዱ መታጠፊያ ላይ ከሟች ወንድሙ ልጅ ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠመ። ልጅቷ በቁምስናው ትምህርተ ክርስቶስ የምታስተምር፣ አንደበቷ የታረመ ወጣት ናት። በዚያች ሰዓት እንዳያገኛት የሚፈራው ሰው ቢኖር ግን እሷው ነበረች። ከላይ ሁለተኛውን እርከን ከሥሩ እስከ ግማሹ ገዝግዞ፣ ቁርጡን በሰምና በሰጋቱራ ደፍኖታልና። ከዓመት በፊት ወንድሙን ጥሎ የገደለው ግንበኛው ሳያስረው የተወው የግንባታ መወጣጫ ሳንቃ ነበር። ያ ሰው መሰላል ሲያዝዘው፣ «እግዜር በእጄ ጣለልኝ» አለ፤ ስንቱ ክፉ ሥራ በእግዜር ስም ይጀመራል!

«እንደምን ዋሉ አጎቴ? ፊትዎ ጠቁሯልሳ።»

«ምኑ ይብራልኝ? የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።»

«ግንበኛውም አልረሳም እኮ። ደግሞስ ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይባል የለ?»

«ተረትሽን ተይኝ! የአባትሽ ደም ይጮኻል።»

«የጌታችንም ደም ፈሷል፤ እሱ ግን ከመስቀል ላይ ሆኖ ‹ይቅር በላቸው› አለ። አጎቴ፣ በቀል ዓይን የለውም፤ በደለኛውን ፍለጋ ወጥቶ መንገድ ላይ ያገኘውን ይጥላል።»

«እኔ ጠቤ ከእሱ ብቻ ነው!»

«ብቻውን የሚወድቅ ሰው አለ?» አለችና መሰላሉን በመዳፏ ደባበሰችው። «እንዴት ያምራል! ቅዳሜ መጀመሪያ የምወጣበት እኔ ነኝ።»

«ምን አልሽ?»

«ግንበኛው አልነገረዎትም? በአባቴ ስም ለቤተ ክርስቲያን የሚሰጠው ነው። በቅዱስ ቁርባኑ ፊት የተሰቀለውን መብራት የማጸዳው እኔ አይደለሁ?»

አናጺው መሰላሉን ከትከሻው አወረደ። ለወንድሙ ደም ብሎ የወንድሙን አንድያ ልጅ ሊገድል ነበር! ከመንገዱ ዳር ቁጭ አለ፤ በየቀኑ የሚመላለስበት ያ ተራ መንገድ እንደ ቤተ መቅደስ አስፈራው። ሁሉንም ነገራት።

እሷም አማተበች።

«እኔ ብሞት፣» አለች፣ «እናቴ ማንን ትበቀል ነበር? እርስዎን?»

አናጺው በዚያው ዕለት እርከኑን ነቅሎ ሰበረ፤ በምትኩም ጠንካራ አዲስ ገጠመ፤ ንስሐ ገባ፤ ለግንበኛውም እውነቱን አልሸሸገም። ግንበኛው አለቀሰ፤ ዓመት ሙሉ ያልወጣችው ቃልም ያን ጊዜ ከአፉ ወጣች፦ «ሳንቃውን ያላሰርኩት እኔ ነኝ።» በቀል ቢሳካ ኖሮ ይህችን ቃል ማን ይሰማት ነበር? በቀል ለሟች እስትንፋስ አይመልስ፣ ለቋሚ ሰላም አይሰጥ፤ ይቅርታ ግን በአንድ ቀን ሁለት ቤት አዳነ።

ቅዳሜ ልጅቷ መሰላሉን ወጣች። የመሰላሉን አንዱን እግር አናጺው፣ ሌላውን ግንበኛው ከታች ጨብጠዋል። ከላይ ሁለተኛው እርከን ላይ ስትደርስ ሁለቱም ጭብጣቸውን አጠበቁ።

እርከኑ ጸና፤ መብራቱም በራ።