የወይዘሮ ቨርና የማክሰኞ ጠረጴዛ

የተከበራችሁ ወዳጅ ዘመዶች፣ የጽዮን ሉተራን ቤተ ክርስቲያን ምዕመናን፣ በኋለኞቹ ወንበሮች የተቀመጣችሁ የኮሌጁ ስፖርተኞች፤ ዛሬ የምንሸኛቸውን የወይዘሮ ቨርና ሆልቬርሰንን የሕይወት ታሪክ እንዳነብ ልጆቻቸው አዘውኛል። እኔ ዋርሳቸው ነኝ፤ በኮሌጁም የስፖርት ልብስ ክፍል ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ። ዓመታቱን ከቤተ ክርስቲያኑ መዝገብ ጋር ሁለት ጊዜ አመሳክሬአለሁ፤ የሰው ጉዳይ የሚነሳበትንም ባለጉዳዩን አስፈቅጄ ነው የጻፍኩት። እሳቸው ቢኖሩ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ ይህንኑ ነበርና።

ወይዘሮ ቨርና ከአባታቸው ከአቶ ኦስካር ቶርስታድና ከእናታቸው ከወይዘሮ ኤልና በ1946 እዚሁ ሚኒሶታ ተወለዱ። አባታቸው በእህል ጎተራው የገበሬውን መኪና ከነስንዴው የሚመዝኑ ሰው ነበሩ፤ አንዱ መኪና ወጥቶ ሌላው ከመግባቱ በፊት ጎማ ያራገፈውን ጭቃ ከሚዛኑ ላይ ሳያስጠርጉ አይመዝኑም ነበር። መጥረጊያውን የምትይዘው ልጃቸው ቨርና ነበረች፤ የተሰለፈው ሹፌር ጥሩንባ ቢነፋ ቢነፋ አባትም አይቸኩሉም፣ ልጅም አትቸኩልም።

አንድ ክፍል ብቻ ባለው የገጠር ትምህርት ቤት ጀምረው፣ ሁለተኛ ደረጃን እዚህ ከተማ ፈጽመው፣ በ1968 ከወንድሜ ከሊፍ ጋር በዚሁ መሠዊያ ፊት ተጋቡ። ሊፍ የወረዳው በረዶ ጠራጊ መኪና ሹፌር ነበር። ሮልፍንና ማሪትን ወለዱ። በ1971 በኤልም ፎርክ ኮሌጅ ሬጅስትራር ቢሮ በጸሐፊነት ተቀጠሩ፤ ከስምንት ዓመት በኋላም እያንዳንዱ ስፖርተኛ እንዲጫወት ትምህርቱ ይፈቅድለት እንደሆነ የማረጋገጡ ሥራ፣ የኮሌጆች ስፖርት ማኅበሩን ሕግ የማስከበሩም ኃላፊነት ተሰጣቸው። ሕጉ፣ ለሌላው ተማሪ የማይደርስ ጥቅም ለስፖርተኛ ብቻ እንዳይሰጥ ይከለክላል። እሳቸውም ለአንድ ተጫዋች ልደት ኬክ ሊያመጡ ሲያስቡ፣ ለኮሌጁ ተማሪ ሁሉ እንደማይበቃ አስልተው ተዉት።

በ1994 የሴቶች ቅርጫት ኳስ ቡድናችን በታሪኩ የመጀመሪያውን ዋንጫ አመጣ። ከአንድ ወር በኋላ ወይዘሮ ቨርና የጨረሱትን መዝገብ እንደገና ሲያዩ፣ ዛሬ ሁለተኛው መደዳ ላይ የተቀመጠችው ኮሪን ባስቲያን አንድ የሒሳብ ትምህርት ደግማ መውሰዷን፣ ሦስቱን ክሬዲትም እሳቸው ራሳቸው ሁለት ጊዜ መደመራቸውን አገኙ። ለመጫወት ሃያ አራት ያስፈልጋት ነበር፤ የነበራት ሃያ አንድ ነው። አሰልጣኛችን አቶ ዌንዴል ክሮግ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ወደ ቢሮአቸው ገቡ፤ እኔ በቀጣዩ ክፍል ፎጣ እያጠፍኩ ስለነበር ሁሉንም ሰማሁ።

«ቨርና፣ እስቲ ተረጋጊ። ማንም እኮ አላየም።»

«እኔስ? ሃያ ሦስት ዓመት ሠርቼ ማንም ሆኜ ቀረሁ?»

«ዋንጫውን ከልጆቹ እጅ ልትነጥቂ ነው?»

«ዋንጫው የመጣው በእኔ ስሕተት ነው፤ የምመልሰውም እኔ ነኝ።»

«ከተማው ይጠላሻል።»

«ሊፍ በረዶውን እስከጠረገላቸው ድረስ ይችሉኛል።»

ለስፖርት ማኅበሩ በገዛ እጃቸው ጽፈው አሳወቁ። ድሎቹ ተሰረዙ፤ ኮሪንም የሚቀጥለውን ዓመት እንዳትጫወት ተወሰነ። ዋንጫውን በፎጣ ጠቅልዬ ካርቶን ውስጥ ያስገባሁት እኔ ነኝ፤ ወደ ፖስታ ቤት ይዘውት የሄዱት ግን እሳቸው ራሳቸው ናቸው። ከተማው በእርግጥ ተቀየመ፤ ፀጉር አስተካካዩ እንኳ ሊፍን ያለ አንድ ቃል ላጨው። ወይዘሮ ቨርናን ግን እንቅልፍ የነሳቸው ቅያሜው አልነበረም። ባላጠፋችው ጥፋት ያቺ ልጅ አፍራ ትምህርቷን ትታ እንዳትሄድ ነበር የፈሩት።

የፈሩትም ደረሰ። በጥቅምት ወር አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ኮሪን ሻንጣዋን ይዛ በዝናብ ወደ አውቶቡስ ጣቢያ ስትሄድ ከመኪናቸው ሆነው አዩዋት። ስፖርተኛን በመኪና መሸኘት አይፈቀድም። መኪናቸውን ከመንገድ ዳር አቁመው፣ ዣንጥላቸውን ዘርግተው፣ አጠገቧ በእግራቸው መሄድ ጀመሩ። የሚከተለውን የነገረችኝ ኮሪን ናት።

«መኪናዎ እዚያ ቆሞ ለምን ይበሰብሳሉ?» አለቻቸው።

«አንቺን ማሳፈር ክልክል ነው። አብሮ መራመድን የሚከለክል አንቀጽ ግን የለም።»

«ዣንጥላውስ?»

«ዣንጥላው የእኔ ነው። አንድ ትከሻሽ እየረጠበ ስለሆነ ተጠቀመች አይሉሽም።»

ኮሪን ሳትፈልግ ሳቀች፤ ከዚያም አለቀሰች። «ዝም ቢሉ ምን ነበረበት?»

«ዝም ብል፣ ሳታውቂው አንቺንም አሰርቅሽ ነበር። ስሕተቱ የእኔ ነው፤ የአንቺ ድርሻ ሦስት ክሬዲት ብቻ ነው። ማክሰኞ ማክሰኞ ቤተ መጻሕፍት እቀመጣለሁ፤ ሒሳብ ላስቸገረው ሁሉ ነው።»

«ለእኔ ብለው ነው?»

«ለአንቺ ብቻ ካልሽ አልመጣም።»

ጣቢያው ደረሱ፤ አውቶቡሱም መጥቶ ኮሪን ሳትሳፈር ሄደ። ሁለቱ በዚያው ዝናብ አንድ ማይል ተኩል ተመለሱ።

በማግስቱ በኮሌጁ ማስታወቂያ ሰሌዳዎች ሁሉ ላይ «ማክሰኞ ከአሥር ሰዓት ጀምሮ፣ ሒሳብ። ማንም ተማሪ መቀመጥ ይችላል» የሚል ወረቀት ተለጠፈ። አሥራ አንድ ሳምንት ከኮሪን በቀር የመጣ አልነበረም፤ ወይዘሮ ቨርና ግን በየሳምንቱ አራት እርሳስ ቀርጸው በአራቱ ወንበሮች ፊት ያስቀምጡ ነበር። በአሥራ ሁለተኛው ሳምንት አንድ የእርሻ ተማሪ መጣ፤ ከዚያም የቡድኑ ልጆች፤ አንድ ዓመት የኮሌጁ ዘበኛም ተመዝግቦ ተቀመጠ። ያ ጠረጴዛ ጡረታ ከወጡም በኋላ ሳይታጠፍ ሃያ ስምንት ዓመት ኖረ። እኔ ካልሲ ስቆጥር የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ነገር ግን ከአንዲት የመደመር ስሕተት ተነስቶ ይህን ያህል ሰው ለቁም ነገር ሲበቃ አይቼ እስከ ዛሬ ያስደንቀኛል። ኮሪን ክሬዲቷን አሟልታ፣ ተጫውታ፣ በ1996 ተመረቀች፤ ዛሬ የሒሳብ መምህርት ናት።

ወይዘሮ ቨርና ባለፈው ዓመት የቆሽት ካንሰር እንዳለባቸው ሲነገራቸው ሐኪሙን ሁለት ጥያቄ ጠይቀው ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ባለፈው ሐሙስ ጠዋት፣ በተወለዱ በሰባ ሰባት ዓመታቸው፣ ልጆቻቸው እጃቸውን እንደያዙ ዐረፉ። ባለቤታቸው ሊፍ ቀድሟቸዋል። ልጆቻቸውን ሮልፍንና ማሪትን፣ አራት የልጅ ልጆችን፣ እኔን ዋርሳቸውን፣ እንዲሁም በዚያ ጠረጴዛ የተቀመጡትን ሁሉ ትተውልን ሄደዋል።

ከማረፋቸው ከሦስት ሳምንት በፊት፣ በጡረተኛ ሠራተኛ ቀብር ላይ የሚገኙ ስፖርተኞች የሐዘኑን ምሳ ቢበሉ ያልተፈቀደ ጥቅም ይሆን እንደሆነ ለማኅበሩ በደብዳቤ ጠይቀው ነበር። መልሱ ሲመጣ እንደማይኖሩ ስላወቁ አድራሻው ላይ የጻፉት የእኔን ስም ነው። ትናንት ደረሰኝ። ምሳው ለመጣው ሁሉ የቀረበ እስከሆነ ድረስ ክልክል አይደለም ይላል፤ ማኅተምም አለው፤ ማየት ለሚፈልግ ኪሴ ውስጥ ነው።

ስሕተታችንን ሁሉ እያወቀ የማይሰርዘን እግዚአብሔር ነፍሳቸውን በዕረፍቱ ይቀበልልን፤ ለቤተሰቡም መጽናናትን ይስጥ። ከቀብሩ ስንመለስ በምድር ቤቱ አዳራሽ የካም ሳንድዊች፣ በድንች የተጋገረ ሥጋና የሎሚ ኬክ ተዘጋጅቷል። ማንም መቀመጥ ይችላል።